ለብረት ጥሩር ገበር ማልበስ፦ ላሜራው እንዳይጫጫርና በዝገት እንዳይበላ የሚሠራ ዝርዝር ሥራ

በአውሮፓ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይለበስ የነበረውን የላሜራ ጥሩር (ከብረት ሰሌዳዎች የተሠራ የጦር ልብስ) አምሳያ አሠርተው ለታሪካዊ ትዕይንት፣ ለሰይፍ ልምምድ ወይም ለመድረክ የሚለብሱ ሰዎች ገበር ሲሠሩ ደጋግመው አንድ ስሕተት ይሠራሉ። ስፖንጅ ወይም ወፍራም ጨርቅ ገዝተው የጥሩሩን ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በማስቲሽ ይለጥፉታል። እኔም የመጀመሪያውን የደረት ላሜራዬን እንዲሁ አድርጌ ነበር። ከአራት ወር በኋላ የስፖንጁን ጫፍ ይዤ ስስበው ማስቲሹ ከብረቱ ቡናማ ዱቄት ይዞ ተነሣ፤ ላቤ ከሥሩ ገብቶ መውጫ በማጣቱ ብረቱ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተቦርቡሮ ነበር። ከውጭ በኩል ደግሞ የትከሻው ላሜራ በክንዱ ላሜራ ላይ የፋቀው ጭረት ሳይቀንስ ቀጥሎ ነበር፤ ስፖንጁ የተለጠፈው ጨርሶ ንክኪ በሌለበት ቦታ ነበርና።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ በሁለት ደንቦች ላይ የቆመ ነው። ገበር የሚደረገው ብረት ከብረት ወይም ብረት ከገላ በትክክል በሚነካካበት ቦታ ብቻ ነው፤ የተደረገውም ገበር ብረቱን ሳይጎዳ ተፈትቶ መድረቅና መለወጥ መቻል አለበት። የደረትና የጀርባ ላሜራን የሚሸከመው ከሥር የሚለበሰው በስፌት የተደራረበ ጃኬት ነው፤ የጃኬቱን ሥራ ለገበር አይስጡት።

ገበር የማይነካው ጥሩር

ጥሩሩ ጥንታዊ ከሆነ፣ ወይም ጥንታዊ ሳይሆን አይቀርም ብለው ከጠረጠሩ፣ ከዚህ በታች ያለውን አንዱንም አይሥሩ። አይቡሱት፣ አይሞርዱት፣ ሰምም አይቀቡት። ከብረቱ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እስከ ዛሬ የተረፈው ገበር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በሪቬት (እግሩ ተቀጥቅጦ በሚያያይዝ ምስማር) ሥር የቀረች የቆዳ ቁራጭ ወይም ጥቂት የተልባ እግር ክር ራሷ ማስረጃ ናት። እንዲህ ያለውን ዕቃ በደረቅ ቦታ አስቀምጠው የቅርስ ጥገና ባለሙያ ያማክሩ።

ደረጃ 1፦ ንክኪውን ይፈልጉ

1. ሁልጊዜ የሚለብሱትን የውስጥ ጃኬት ይልበሱ። በከነቴራ ብቻ ሆነው ከለኩ ላሜራዎቹ ሁሉ ከእውነተኛ ቦታቸው ዝቅ ብለው ስለሚያርፉ ምልክቱ ያሳስትዎታል።

2. ከላይ በሚደረበው ላሜራ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ እርጥብ ጠመኔ በደንብ ይቀቡና እስኪደርቅ ይጠብቁ።

3. ጥሩሩን በረዳት ታጥቀው ለዐሥር ደቂቃ ይንቀሳቀሱ። ክንድዎን ወደ ላይና ወደ ፊት ይዘርጉ፣ ይጎንበሱ፣ ይቀመጡ፣ ደረጃ ይውጡ።

4. ጥሩሩን ቀስ ብለው ያውልቁና ጠመኔው የታተመበትን ቦታ ሁሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ገበር የሚያስፈልገው እዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በትከሻው ላሜራ ሥር፣ ከወገብ በታች ጭኑን በሚሸፍነው ላሜራ ላይና በአንገት ዙሪያ ሆኖ ያገኙታል።

ገበር ከመቁረጥዎ በፊት ግን ጠርዙን ይፈትሹ። ጭረቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ላሜራው ሲቆረጥ በጠርዙ ላይ ከቀረው ስለት ነው። ጥጥ ይያዙና በጠርዙ ርዝመት ሁሉ ይጎትቱ፤ ጥጡ የተያዘበት ቦታ ስለት አለበት። በደቃቅ ሞረድ ወደ ውስጥ በኩል ያጠጋጉት፤ ከዚያም በቁጥር 240፣ ቀጥሎም በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ይህን ሥራ ዘለው ቆዳ ቢያለብሱ ስለቱ ቆዳውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በልቶ እንደገና ብረቱ ላይ ይደርሳል። ጠርዙ ብቻ ተለስልሶ ጭረቱ ጨርሶ የጠፋበት ጥሩር አጋጥሞኛል፤ የእርስዎም እንዲያ ከሆነ ለዚያ ክፍል ገበር አይጨምሩ።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ያዘጋጁ

የሚያስፈልጉት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ለጠርዝ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቆዳ ለራስ ቁር ቀበቶ፣ ጥቅጥቅ ያለ የተልባ እግር ጨርቅ፣ ለመሙያ የሚሆን ሱፍ ወይም የፈረስ ጋማ፣ በንብ ሰም የታሸ ጠንካራ ክር፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የናስ ወይም የለስላሳ ብረት ሪቬቶችና ለነዚሁ የሚሆኑ ትናንሽ ሮንዴላዎች (መሐላቸው የተበሳ ክብ ስስ ብረቶች) ናቸው። ከመሣሪያ ደግሞ ወስፌ፣ የቆዳ መብሻ፣ ድሪል፣ ሞርሳ፣ ክብ ራስ ያለው ቀላል መዶሻ፣ ጉጠትና የዐይን መከላከያ መነጽር ያዘጋጁ።

ቆዳውን ሳይፈትኑ አይጠቀሙበት። በዛፍ ልጣጭ የለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ታኒን እርጥበት ሲያገኝ ከብረት ጋር ተዋሕዶ ጥቁር እድፍ ይሠራል፤ አሲድነቱ የበዛ ቆዳ ደግሞ በላብ ሲርስ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከቆዳው የጣት ያህል ቆርጠው በውሃ ያርጥቡ፤ በተወለወለ የላሜራ ቁራጭ ላይ አድርገው በፕላስቲክ ይጠቅልሉና ለሦስት ቀን ያስቀምጡት። ለማነጻጸር በሌላ ላሜራ ላይ የረጠበ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በተመሳሳይ መንገድ ያስቀምጡ። እርጥበት ብቻውን ጥቂት ዝገት ማምጣቱ አይቀርም፤ ከቆዳው ሥር ያለው ግን ከጨርቁ ሥር ካለው በግልጽ ከጠቆረ ወይም ከተቦረቦረ ያን ቆዳ ለጫማ ይተዉት። በዘይት የለፋ ለስላሳ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋል።

ስፖንጅን፣ ጎማን እንዲሁም በጀርባው ማጣበቂያ ያለውን ፌልት አይግዙ። ሁሉም ላብ ይይዛሉ፤ ማጣበቂያው ደግሞ ከጊዜ በኋላ እየሟሸሸ በብረቱ ላይ የሚያሰለች ቅባት ይተዋል።

ደረጃ 3፦ ብረቱን ያጽዱና ይሸፍኑ

1. የቆየ ዘይትንና ቆሻሻን በአሴቶን ወይም በአልኮል ይጥረጉ። መስኮት ይክፈቱ፣ ጓንት ያድርጉ፣ በአካባቢው እሳትም ሆነ ሲጋራ አይኑር።

2. ዝገት ካለ በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት በጥቂት ዘይት ያንሡት፤ ከዚያ ዘይቱን እንደገና ይጥረጉ።

3. ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት። የጣት አሻራ በተራቆተ ብረት ላይ ዝገት ሆኖ ይወጣል።

4. ቆዳ ወይም ጨርቅ የሚያርፍበትን ውስጠኛ ገጽ በስስ የብረት ቀለም ይቀቡ፤ ወይም ሁለት ጊዜ ሰም ቀብተው ይወልውሉ። በዚያ ዘመን የነበሩ ሠሪዎችም የብዙውን ጥሩር ውስጥ ከመዶሻ እንደወጣ ሻካራና ጥቁር አድርገው ይተዉት ስለነበር ውስጡን መስታወት ለማስመሰል አይድከሙ።

5. ቀለሙ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ሞልቶ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ያልደረቀ ቀለም ቆዳውን ያጣብቀዋል፤ ሲፈቱትም አብሮ ይላጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ በሰም ፈንታ የተልባ ዘይት የሚቀቡ ከሆነ ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጨብጠው በቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨበጠ ጨርቅ ያለ ምንም ክብሪት በራሱ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፤ ወይም ውሃ በሞላበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ያስገቡት።

ደረጃ 4፦ ለጠርዝ ቆዳ ማልበስ

ይህ ሥራ ጭረትን ለመከላከል ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ሠሪዎች ጫፉ በግማሽ ክብ በግማሽ ክብ የተቆረጠ፣ አንዳንዴም በከፈይ የተሸፈነ የቆዳ ጥብጣብ ከላሜራው ጠርዝ ሥር በሪቬት ይይዙ ነበር። ግማሽ ክቡ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ጥብጣብ በጠመዝማዛ ጠርዝ ላይ ሲሸበሸብ፣ እንዲህ የተቆረጠው ግን ተከፋፍሎ ይተኛል።

1. ክፍተቱን ይለኩ። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የሚያስገቡት ቆዳ ውፍረት ያህል ቦታ ከሌለ አያስገቡ። በጣቶችና በክርን መገጣጠሚያ ላይ ያሉት ትናንሽ ላሜራዎች እጅግ ተቀራርበው ስለሚሠሩ ቆዳ ቢገባባቸው ይያዛሉ፤ ለእነርሱ የተለሰለሰ ጠርዝና ስስ ዘይት ይበቃል።

2. ቆዳው የሚያያዘው ከላይ በሚደረበው ላሜራ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ነው። በታችኛው ላሜራ ፊት ላይ ቢያደርጉት ይታያል፣ ተፍቆም ይነሣል።

3. የጠርዙን ቅርጽ በካርቶን ይቅረጹ። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ይቁረጡ፤ ከብረቱ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ እንዲታይ ያድርጉ።

4. የቆዳው ለስላሳ ፊት ወደ ታችኛው ላሜራ ይዙር። ሻካራው ጀርባ ከዞረ አሸዋና የዝገት ብናኝ ይሰበስብና ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

5. በየ35 ሚሊ ሜትሩ ምልክት ያድርጉ። ላሜራውን በሞርሳ ላይ በእንጨት መካከል አስረው በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይብሱ። በእጅ የተያዘ ስስ ላሜራ ፑንታው ሲይዘው ተሽከርክሮ ጣት ይቆርጣል፤ ቢቸኩሉም በእጅ ይዘው አይብሱ። የቀዳዳውን ስለት በትልቅ ፑንታ በእጅዎ አዙረው ያንሡ።

6. መሐለኛውን ሪቬት በመጀመሪያ ይምቱ፤ ከዚያም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቁ ወደ ጫፎቹ ይሂዱ። ከአንድ ጫፍ ጀምረው ወደ ሌላው ከሄዱ የተሳበው ቆዳ መጨረሻ ላይ ተሰብስቦ ይጨማደዳል።

7. የሪቬቱ ራስ ከውጭ፣ እግሩ ከውስጥ ይሁን። እግሩን በቆዳውና በሮንዴላው አሳልፈው ከሮንዴላው በላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ተርፎ እንዲቀር በጉጠት ይቁረጡት። ራሱን ለስላሳ ጉድጓድ በተቆፈረበት ጠንካራ እንጨት ወይም በመስፍ (ብረት በሚቀጠቀጥበት መደገፊያ) ላይ አስደግፈው፣ በብዙ ቀላል ምት ዙሪያውን ያጠጋጉት። መዶሻው የሚመታው ሪቬቱን እንጂ ሮንዴላውን መሆን የለበትም፤ ሮንዴላው ከተመታ ቆዳውን እንደ ስለት ይቆርጠዋል።

ናስና ብረት በእርጥበት ውስጥ ሲገናኙ የሚበላው ብረቱ ስለሆነ፣ ሪቬቱን ከማስገባትዎ በፊት ቀዳዳውን ሰም ይቀቡ።

ደረጃ 5፦ የራስ ቁር ገበር

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የራስ ቁር ገበር ብረቱን ከጭንቅላት አርቆ የሚያንጠለጥል ነው፤ በቀጥታ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ንጣፍ ይህን ሥራ አይሠራም። ለምሳሌ የምወስደው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተለመደውንና ከኋላው ወደ ማጅራት የሚረዝመውን ክፍት የራስ ቁር ነው።

1. የጭንቅላትዎን ዙሪያ ከሥር ከሚያደርጉት ቆብና ከፀጉርዎ ጋር ይለኩ። ጠጉርዎ የሚሠራ ወይም የሚጎነጎን ከሆነ በትዕይንቱ ቀን በሚሆንበት ሁኔታ ይለኩት። በጭንቅላትዎና በብረቱ መካከል በዙሪያው ሁሉ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ቦታ ካልቀረ የራስ ቁሩ ጠቦዎታል፤ ገበር በማሳሳት ለማዳን አይሞክሩ።

2. ከ2 ሚሊ ሜትር ቆዳ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀበቶ ይቁረጡ። በታችኛው ጠርዙ በኩል በየ6 ሚሊ ሜትሩ በወስፌ የስፌት ቀዳዳ ይብሱበት። ይህን ከሪቬቱ በፊት ያድርጉ፤ ቀበቶው ከብረቱ ጋር ከተያዘ በኋላ ወስፌ ማስገቢያ የለም።

3. ቀበቶውን ከግንባር በላይ በሚያልፍ መስመር በውስጥ ዙሪያ በሪቬት ይያዙ። በሪቬቶቹ መካከል እስከ 50 ሚሊ ሜትር መራራቅ ይቻላል።

4. ከወረቀት አራት ቅጠሎችን ይቅረጹ። የእያንዳንዱ ቅጠል ግርጌ የቀበቶውን ዙሪያ ሩብ ያህል ይሁን፤ ወደ ላይ እየጠበበ ሹል ይሁን። ወረቀቱን በራስ ቁሩ ውስጥ አስገብተው ይሞክሩት። ከዚያ የተልባ እግሩን ጨርቅ በእጥፍ ሲቆርጡ በዙሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ፤ ጨርቅ በመስመር ተሰፍቶ ሲሞላ ይኮማተራልና። ሰዎች ገበሩን ሠርተው ሲጨርሱ አንሶ የሚያገኙት ይህን ጭማሪ በመርሳታቸው ነው።

5. ከግርጌ ወደ ጫፍ በየ25 ሚሊ ሜትሩ የስፌት መስመር ይስፉ። በተፈጠሩት ቦዮች ውስጥ ሱፉን ወይም ጋማውን በጥቂት በጥቂቱ በእንጨት ይጠቅጥቁ። በጣት ሲጫኑት እየተቋቋመ የሚመለስ ይሁን፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረም፣ እንደ ባዶ ከረጢት የሚተኛም አይጠቅምም።

6. የቅጠሎቹን ጎን ከግርጌ እስከ እኩሌታ ያገጣጥሙ። ከእኩሌታ በላይ ክፍት ይተዉት፤ በየጫፉ የክር ዐይን ሠርተው ገመድ ያሳልፉባቸው።

7. ገበሩን በሰም በታሸ ክር ከቀበቶው ጋር ይስፉ። ክሩን በየአምስት ስፌቱ ይቋጩት፤ አንዱ ቢበጠስ ሁሉም እንዳይተረተር ነው።

8. የላይኛውን ገመድ በጥቂቱ ያጥብቁና ይልበሱት። ገመዱ ሲጠብቅ የራስ ቁሩ ከፍ ይላል፣ ሲላላ ዝቅ ይላል። ዐይንዎ በትክክል ሲያይና ከአናትዎ እስከ ብረቱ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር ገመዱን ይቋጩ።

የአገጭ ማሰሪያው ከብረቱ ጋር በራሱ ሪቬት መያዝ አለበት፤ ከገበሩ ጋር ፈጽሞ አይስፉት። ስፌቱ ከተተረተረ የራስ ቁሩ ከራስዎ ላይ ይወርዳል። ምት ባለበት ውድድር የሚሳተፉ ከሆነም ቡድንዎ ስለ ውፍረት ያወጣውን ደንብ ይከተሉ፤ ይህ ገበር ለመልበስና ለልምምድ እንቅስቃሴ የተለካ ነው።

ደረጃ 6፦ የብረት ጓንትና ዘለበቶች

በብረት ጓንት ውስጥ ያለው ገበር ራሱ ሙሉ የቆዳ ጓንት ነው። ቀጭን ሆኖ የማይቀደድ ቆዳ ይምረጡ፤ የኢትዮጵያ የደጋ በግ ሌጦ በዓለም የጓንት ገበያ የሚፈለገው በዚሁ ጠባዩ ነው። የጣቶቹ ላሜራዎች በቅድሚያ በረጅም የቆዳ ጥብጣብ ላይ በሪቬት ይያዛሉ፤ ጥብጣቡ ደግሞ ከጓንቱ ጣት ጋር በእጅ ይሰፋል። ሲሰፉ ጓንቱን ለብሰው ጣትዎን በግማሽ ያጥፉ። እጅዎን ዘርግተው ከሰፉት ሰይፍ ሲጨብጡ ይወጥርና ስፌቱ ይበጠሳል። መዳፉ ፈጥኖ ስለሚያልቅ ሁሉም በስፌት ይያዝ፤ ማስቲሽ አይግባበት።

በእያንዳንዱ ዘለበት ሥር ከዘለበቱ በጥቂቱ ሰፋ ያለ የቆዳ ቁራጭ ያድርጉ። የጠፍሩ ትርፍ ጫፍ ሲወዛወዝ ከብረቱ ጋር እንዳይጋጭ የቆዳ ቀለበት ያበጁለት።

ሥራው ሲበላሽ

ሪቬቱ ተመትቶ ከተጣመመ ለማቃናት አይሞክሩ። የውስጡን ጫፍ በሞረድ አንሥተው በጠባብ ብረት ግፉትና አዲስ ያስገቡ። ቀዳዳው ከሰፋ ትልቅ ሮንዴላ አይፈልጉለት፤ 4 ሚሊ ሜትር ሪቬት ይጠቀሙ።

ቆዳው ከተሸበሸበ ከጫፍ ወደ መሐል ሁለት ሪቬቶችን ይፍቱ፤ ከዚያም በሽብሽቡ ላይ እንደ ሦስት ማዕዘን አድርገው በመቀስ ይቁረጡና መልሰው ይያዙት።

ላሜራው ቆዳ ከገባለት በኋላ ከተያዘ በመጀመሪያ ቆዳውን በጀርባው በኩል ያሳሱት። አሁንም ከተያዘ ያውጡት። ተለብሶ ይለሰልሳል ብለው አይጠብቁ፤ የተያዘ ላሜራ ሲገፉት መገጣጠሚያው ሪቬት ይረዝማል፣ ያንን መመለስ ደግሞ የጥሩር ሠሪ ሥራ ነው።

በብረቱ ላይ ጥቁር ጥላ ከወጣ ቆዳው ፈተናውን አላለፈም ወይም ሰሙ ስስ ነበር። ገበሩን ይፍቱ፣ ብረቱን ያጽዱ፣ ቀለም ይቀቡ፣ ቆዳውን ይለውጡ።

የራስ ቁሩ ራስዎን ሲያዞሩ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ የጎኖቹ ቦዮች ባዶ ናቸው ማለት ነው። ስፌቱን ከግርጌ ጥቂት ፈትተው ሱፍ ይጨምሩ። በግንባር ላይ ብቻ የሚያም ከሆነ ደግሞ አንዱ ሪቬት ከሮንዴላው በላይ ረዝሞ ገበሩን እየወጋ ነው፤ በጣትዎ ዳስሰው ያግኙትና በሞረድ ዝቅ ያድርጉት።

ከለበሱ በኋላ

ጥሩሩን እንዳወለቁ በዚያው ቀን ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የራስ ቁሩን ገልብጠው ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ውስጥ ያኑሩት። ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ካኖሩት ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። የጠርዙን ቆዳ በጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ፤ በውስጡ የተቀበረ አንድ የአሸዋ ቅንጣት በአንድ ቀን ልምምድ ውስጥ ረጅም ጭረት ያሠምራል። ላሜራዎቹን ደራርበው ማስቀመጥ ግድ ከሆነብዎ በመካከላቸው የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ያስገቡ። የላብ ሽታ የያዘውን የራስ ቁር ገበር ከቀበቶው ፈትተው በለብ ውሃና በጥቂት ሳሙና በእጅ ይጠቡት፤ እስከ ውስጠኛው ሱፍ ድረስ መድረቁን ሳያረጋግጡ መልሰው አይስፉት፤ ይህ ወፍራም በሆነ ገበር ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል።